«ተሰናብተው ያውቃሉ?»

የቅጹ አሥራ አራተኛ ጥያቄ አንድ መስመር ናት፦ «ከዚህ በፊት ከሥራ ተሰናብተው ያውቃሉ?» ከጎኗ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አዎ እና የለም።

የእህቴ ባል ጣቱን ላይዋ ላይ ተከለ። ከማተሚያ ቤት በላይ ባለች ክፍል የሰው የሥራ ማመልከቻ እየጻፈ ይኖራል፤ ቤተሰቡ «አሳምረው» ይለዋል። አሳላፊን «የመስተንግዶ ባለሙያ»፣ ዘበኛን «የጸጥታ አማካሪ» ያደረገ ሰው ነው። ይኮራበታልም።

«መሰናበት ምንድን ነው?» አለኝ። «ደህና ሁኑ ብሎ መሄድ አይደል? አንተ ማንን ደህና ሁኑ አልክ? ዘበኛው መታወቂያህን ነጥቆ በር ዘጋብህ። አልተሰናበትክማ! የለም በል!»

በራሱ ቀልድ እስኪያስለው ሳቀ።

ነገሩ ይህ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ረዳት አብራሪ ሳለሁ፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ አውሮፕላኑን ዞሬ መፈተሽ ነበረብኝ። ልብሴ እንዳይረጥብ ብዬ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ «ተፈትሿል» በሚለው ሥር ፈረምኩ። የግራው ክንፍ የነዳጅ ክዳን አልተዘጋም ነበር። ሞተር ልናስነሳ ስንል መካኒኩ እየጮኸ ሮጦ አስቆመን። በዘጠነኛው ቀን ተባረርኩ። ከዚያ ወዲህ ለሦስት ድርጅቶች «አዎ» ብዬ ሞላሁ፤ አንዱም አልጠራኝም። አሁን በጭነት መጋዘን ሣጥን እመዝናለሁ። ዘንድሮ አርባ አምስት ሊሞላኝ ነው፤ ይህ አሁን የማመለክትበት አየር መንገድ ደግሞ ከዚያ በላይ አብራሪ አይቀጥርም።

«እውነትህንማ እያየናት ነው» አለ አሳምረው፤ «ሣጥን ታስመዝንሃለች።» ራሱ «የለም» ላይ ምልክት አድርጎ ወረቀቱን ገፋልኝ። «አታንብበው፤ ፈርም ብቻ።»

ፈርም ብቻ። ያን ጠዋት ለራሴ ያልኩት ቃል በቃል ይኸው ነበር። አሳምረውን ናቅሁት፤ ይበልጥ የናቅሁት ግን ልብሱ እንዳይረጥብ የሰጋውን ሰው ነው።

«ቤት እፈርማለሁ» ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ቤት ስደርስ ሌላ ባዶ ቅጽ ላይ ጻፍኩ፦ «አዎ። ተባርሬአለሁ። ሳልፈትሽ ፈርሜ።»

በቃለ መጠይቁ ዕለት የሰው ኃይል ኃላፊው ቅጼን እንደ እርጥብ ካልሲ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«‹ተባርሬአለሁ›!» አለ። «ሰው እኮ ‹ተሰናብቻለሁ› ነው የሚለው።»

«የተሰናበትኩት ሰው አልነበረም» አልኩ።

እሱ ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጡት ዋና አብራሪዋ አልሳቁም። በመስኮት ወደ ውጭ አዩ፤ ይዘንባል።

«እዚያ የቆመውን አውሮፕላን ይፈትሹልኝ» አሉ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። ጫማዬ ውኃ ሞላ። በመሰላል ወጥቼ የግራውን ክዳን በእጄ ጨበጥኩ፤ ዝግ ነው። የቀኙንም ጨበጥኩ።

«ምን አገኙ?»

«ምንም።»

«ከእርስዎ በፊት የመጡት አመልካቾች እያንዳንዳቸው አራት ጉድለት አገኙበት» አሉ፤ አፋቸውን ጠመም አድርገው። «ትናንት ከጥገና የወጣ ነው፤ አንድም ጉድለት የለበትም። ሰኞ ለበረራ ፈተና ይምጡ።»

አሳምረው መኪናው ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። «ሰኞ» የሚለውን ሲሰማ መሪውን በጥፊ መታው።

«አላልኩህም! ‹የለም› በል አላልኩህም! የኔ እጅ የነካው ወረቀት መቼ ወድቆ ያውቃል?»

ያጠፍኩትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ፊርማ የለበትም። በሩን ከፈትኩ።

«የት ልትሄድ? ዝናብ ነው እኮ!»

«ደህና ሁን» አልኩት። መሰናበት እንዲህ ነው።