የቀኝ ጉልበቱ

ልጄ አውሮፓ ሄዶ ኳስ መጫወት ከጀመረ ወዲህ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ይታየኛል። ባለፈው ዓመት የቀኝ ጉልበቱ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። እንደገና ከተጎዳ ክለቡ ያሰናብተዋል። "በደንብ ዳነልህ?" ስለው መልሱ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ እማዬ፣ አታስቢ" ነው። እሱ እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው እንኳ ደህና ነኝ ባይ ነው።

ትናንት ከሕመሙ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። እኔ ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ቴሌቪዥኑን በአንድ ዓይኔ አያለሁ።

"እማዬ፣ ነይ ተቀመጪ እንጂ! አንቺ ነሽ እንዴ የምትከላከይው?" አለች ታላቅ እኅቱ።

"ተያቸው፣ እትዬ በረኛችን ናቸው" አለ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ።

እነሱ ኳሱን ያያሉ፤ እኔ እግሩን ብቻ። በመሐል የግራ ጫማው ክር ተፈታ። ትንሽ ልጅ ሳለ ጉልበቱን ካመመው መሬት አያስነካውም ነበር፤ ዘርፈጥ ብሎ ተቀምጦ ነው ጫማውን የሚያስረው። አሁን ግን በቀኝ ጉልበቱ ተንበረከከ። ፊቱም አልተኮማተረ። አስሮ ሲጨርስ ብድግ ብሎ ሮጠ።

"እሰይ የኔ ልጅ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ተገኘ እትዬ? ኳሱ እኮ የእነሱ ነው!" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ስለ ግራ ጉልበቱ ማሰብ ጀመርኩ።