በሾላው ግንድ ላይ የታየው ቅቤ

ጋሽ ኦላና ቅቤውን ያዩት ሰኞ ጠዋት ነው። ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀርባ ያለችው የጴንጤዎች ቤተክርስቲያን ዋና ሽማግሌ ናቸው። ወለጋ ሲያድጉ ትልልቆቹ በበዓል ቀን የኦዳውን፣ የተቀደሰውን ሾላ፣ ግንድ ቅቤ ሲቀቡ አይተዋል። ስለዚህ በቤተክርስቲያኗ ግቢ ሾላ ላይ ነጭ ነገር ሲወርድ ሲያዩ ማንንም አልጠየቁም፤ በእጃቸውም አልነኩትም። የተቀባ ዛፍ በእሳቸው እምነት አይነካም። አንድ ሰው በስውር ወደ አሮጌው አምልኮ ተመልሷል፣ አለቀ። ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ዛፉ ይቆረጥ አሉ። ረቡዕ ዛፍ ቆራጩ ሽፈራው የሞተር መጋዙን በመኪናው ጭኖ መጣ።

ልጃቸው ናኦሚ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ዕፅዋት ታስተምራለች። ወሬውን የሰማችው መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው። ሰልፉን ጥላ በኮንትራት በረረች።

ስትደርስ የመጎተቻው ገመድ ቅርንጫፉ ላይ ታስሯል። ደሟ ፈላ። ይህች ከተማ በክረምት ችግኝ ታቅፋ ፎቶ ትነሳለች፣ በበጋ ያደገውን ትገነድሳለች፤ ከዚያ በፕላስቲክ ዳስ ሥር ተቀምጣ ሙቀቱ ባሰ እያለች ታማርራለች። ናኦሚ ይህንን ሁሉ ተናገረች፤ ስለ ሥሩ፣ ስለ ውሃው፣ በጥላው ምሳቸውን ስለሚበሉት የፋብሪካ ሴቶች ጨመረች። አንዱም ስህተት አልነበረም። አንዱም ደግሞ አባቷን አላነቃነቀም።

“አንቺ ዛፍ ታያለሽ” አሏት። “እኔ የሚለመነውን አያለሁ።”

“ማነው የለመነው አባዬ? ስም ጥራ።”

“ቅቤ እንደ ዝናብ ከሰማይ አይወርድም።”

ሽፈራው ጋቢናው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ “ኧረ ጋሼ፣ እናንተ እስክትጨርሱ ቤንዚኑም ተኖ አለቀ” አለ።

ናኦሚ ለእሱም መልስ ነበራት። አፏን ከፍታ ግን ግንዱን አየችና ዘጋችው። አሁን ደርቀው ወደ ቡኒ ያደሉት የቅቤው መስመሮች በሙሉ የሚጀምሩት ከአንድ ከፍታ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ራስ ላይ ምስማር አለ። እሁድ ለቤተክርስቲያኗ ኮንፈረንስ ባነር መስቀያ የመዘምራን ኳየር ልጆች የመቱት ነው፤ ባነሩ ወርዷል፣ ምስማሩ ቀርቷል።

በቁልፏ ጫፍ ቅርፊቱን ጫር አደረገችው። ነጭ ወተት ወዲያው ፈልቆ ቁልቁል ሮጠ። የአባቷን እጅ ይዛ አስነካቻቸው። እጃቸውን ሊነጥቋት ሞከሩ፤ አልለቀቀችም።

አሹት። ቅቤ ያንሸራትታል። ይሄ ግን ያዛቸው። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ተጣብቀው ቀሩ። ጋሽ ኦላና እጃቸውን የሌላ ሰው ይመስል ዓይናቸው ሥር አቅርበው ተመለከቱት።

“በዚህ ወፍ እንይዝ ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “እንጨት ላይ ቀብተን።”

ናኦሚ ግንዱ ላይ ከተንዠረገገው ፍሬ አንድ የበሰለ ቀጠፈች። አበባው የታለ ብላ ጠየቀቻቸው። ሾላ አበባ እንደሌለው ልጅ ሁሉ ያውቃል አሏት። ፍሬውን ለሁለት ከፈለችው። ውስጡ አበባ ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከሰሊጥ ያነሰ፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ አበባ። በመካከሉ ከትንኝ የሚያንሱ ተርቦች ይርመሰመሱ ነበር። ድምጿ ሳታውቀው ዝቅ አለ። ሴቷ ተርብ እዚህ ተወልዳ ትወጣለች አለቻቸው፤ ሌላ የሾላ ዛፍ ፈልጋ በፍሬው ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይሰበራል፤ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት ታራግፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። እሷ ካልመጣች ሾላው ዘር የለውም፤ ሾላው ከሌለ እሷ የለችም።

ጋሽ ኦላና የተከፈለውን ፍሬ በመዳፋቸው ተቀበሏት። አንዷ ተርብ መዳፋቸው ላይ ወጥታ ክንፏን ስታፍታታ ትንፋሻቸውን ያዙ። በዚህ ዛፍ ሥር ስንት ዓመት ጸልየዋል፤ ቀና ብለው ያዩት ግን ሊያስቆርጡት ሲሉ ነው። እላያቸው ላይ ስንት ፍሬ፣ በየፍሬው ስንት ነፍስ እንዳለ ማሰብ ጀምረው መጨረስ አቃታቸው። ዝቅ ብለው ሥሩ ላይ ተቀመጡ።

“ጋሼ፣ ላስነሳው?” አለ ሽፈራው፤ እሱም ቁልቁል ጎንበስ ብሎ እያየ።

“መጋዝህን መልሰህ ጫን፤ ተርቦቹ ገና እየወጡ ነው” አሉት። “ለሽማግሌዎቹ እኔው እነግራቸዋለሁ። ሳልነካ ፈረድኩ እላቸዋለሁ።”

ተርቧ ተነሳች። ጋሽ ኦላና በዓይናቸው ተከተሏት።

“ሌላውን ሾላ የት ነው የምታገኘው?”

ናኦሚ ዞር ብላ አየች። እስከ ዓይን ጥግ የፋብሪካ ቆርቆሮና ያላለቀ ፎቅ ነው። ከአንድ ሁለት ቀን የማያልፍ ዕድሜ ያላት ነፍስ ያንን ሁሉ ልታቋርጥ ወጥታለች። ናኦሚ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።