ከአልጋው በላይ የሚሰቀል ሙዳን

ወይዘሮ ጎንግ ሥዕሉን ራሷ አልተሸከመችውም። እሷ ከፊት ከፊት እየሄደች «ቀስ! ጥጉን እንዳትነካው!» ትላለች፤ ልጇ ዣንፔንግ ከቁመቱ የሚበልጠውን ወርቅማ ፍሬም አግድም ታቅፎ፣ ፊቱ እንኳ ሳይታይ፣ እግር ያወጣ የአበባ አጥር መስሎ ደረጃውን ይወጣል። እማማ ሹዪ ከአዲሱ የሙሽሮች ቤት በር ላይ ቆመው አዩትና ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሙሽራው እንግዲህ ይሄ ነው። የልጅ ልጃቸው ዋንቺን ሰኞ ጠዋት ከዚህ ሰው ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄዳ የጋብቻ ፊርማዋን ታኖራለች። አያትየው ይህን ጋብቻ አልወደዱትም። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም። አይሰክርም፣ አይሳደብም፣ ቁማር አያውቅም። የሚያስፈራቸውም ይኸው ነው፤ ደግም ሆነ ክፉ፣ በራሱ ፈቃድ አንድ ነገር ሲያደርግ አይተውት አያውቁም። ወላጅ የሌላትን ልጅ አሳድገው ለግድግዳ ሊድሯት ነው።

«ከሠዓሊው ከራሱ እጅ ነው የገዛሁት» አለች ወይዘሮ ጎንግ፣ በአዲሱ ወለል ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ እየገባች።

«ከየትኛው ሠዓሊ?» አሉ እማማ ሹዪ። «ያ የሠዓሊዎች መንደር አንዷ ቅጠል ብቻ፣ አንዷ ቢራቢሮ ብቻ ስትስል የምትውልበት አይደለም እንዴ?»

«የኛን አንድ ሰው ብቻውን ነው የሳለው።»

«ያስታውቃል። ለዚህ ነዋ ቢራቢሮዎቹ ዶሮ ያከሉት።»

ዋንቺን ሳቋን በእጇ አፈነች።

ሥዕሉ ላይ ጥቅል ጎመን የሚያካክሉ ቀያይ የሙዳን አበቦች ከዳር እስከ ዳር ተጨናንቀዋል። ልዋያንግ ከተማ ውስጥ የሙዳን ሥዕል ያልተሰቀለበት ቤት የለም፤ የአበቦች ንጉሥ ስለሆነ ሀብትና ክብር ይዞ ይገባል ይባላል። ወይዘሮ ጎንግ ደግሞ ሀብቱ ከመግባቱ በፊት ጎረቤት ገብቶ እንዲያይላት ትፈልጋለች። ስለዚህ ግድግዳውን ሳትለካ የሱቁን ትልቁን መርጣ መጣች። ሳሎኑ ውስጥ፣ በበሩና በማቀዝቀዣው መካከል፣ ፍሬሙ አንድ ስንዝር ተርፎ አልገባ አለ።

«ከዳሩ ትንሽ ቢቆረጥስ?» አለች ዋንቺን።

ወይዘሮ ጎንግ በጥፊ የተመታች መሰለች። «ሙዳን ይቆረጣል? አበባው ሲጎመድ ሀብታችሁ ተጎመደ ማለት አይደለም? ምን አይነቷን ምራት ነው ያመጣሁት!»

ሙዳን እንደማይቆረጥስ እማማ ሹዪም በልባቸው ተስማሙ። በአፋቸው ግን ቢሞቱ አይሉትም።

«መኝታ ቤት ይሰቀላል በቃ» አለች ወይዘሮ ጎንግ። «ከአልጋው በላይ ሰፊ ነው።»

እማማ ሹዪ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ከምን በላይ?»

«ከአልጋው።»

«ከባልና ሚስት አልጋ በላይ ቀይ ሙዳን? አብደሻል? ያላገባች ልጅ ካለች ሳሎን ይሰቀላል፣ ባል ይጠራላታል። ካገባች በኋላ መኝታ ቤት ከገባ ግን ሌላ ሴት ነው የሚጠራው። ይሄን የማያውቅ የልዋያንግ ሰው አለ?»

«የሰፈር ወሬ ነው፣ እማማ። እኔ ስንት ዓመት ከአልጋዬ በላይ ሰቅዬ ኖሬያለሁ።»

«ባልሽስ የት አለ?»

የወይዘሮ ጎንግ ባል ወደ ደቡብ ከሄደ ቆይቷል።

«ለሥራ ነው የሄደው!»

«አዎ፣ ሥራው ባለፈው መንታ ወለደችለት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እማማ፣ ተይ!» አለች ዋንቺን። ወይዘሮ ጎንግ ግን ተነክታለች። የእማማ ሹዪን ዘር ማንዘር፣ የበቆሎ ገለባ ሲያነዱ የኖሩ ገጠሬዎች መሆናቸውን፣ አንድ በአንድ ዘረዘረች። እማማ ሹዪም በአጸፋው አላነሱም። ይህ ሁሉ ሲሆን ዣንፔንግ ፍሬሙን ታቅፎ እንደቆመ ነው። አስቀምጠው ያለው ሰው የለማ!

ዋንቺን አየችውና «አንተ የት ይሁን ትላለህ?» አለችው።

«እናቴ ያለችበት።»

«እናትህ አይደለችም እዚያ የምትተኛው።»

«ምን ለውጥ አለው ብለሽ ነው፣ ዋንቺን? አበባ እኮ ነው። መሄድ የፈለገ ወንድ እንደሆነ ሙዳን ኖረም አልኖረም ይሄዳል።»

ብልህ ነገር የተናገረ መስሎት ከፍሬሙ ጀርባ አንገቱን አስግጎ እናቱን አየ። እናቱም «እውነቱን ነው» ብላ ሳቀችለት።

ዋንቺን አልሳቀችም። «አንተስ? መሄድ ብትፈልግ ምን ያስቀርሃል?»

እማማ ሹዪ አንድ ቃል፣ ውሸትም ቢሆን፣ እንዲናገር ተመኙለት። ውሸታም እንኳ እዚህ ላይ መልስ አያጣም። እሱ ግን ቅንድቡን ሰብስቦ ከልቡ ፈለገ፤ ፈልጎም አጣ።

«አሁን ይሄ ምን ያስወራል?» አለ በመጨረሻ። «ምስማር ስጡኝና ልምታው፣ እጄ ዛለ።»

ዋንቺን የቴሌቪዥኑን ማስቀመጫ መሳቢያ ከፈተች። ለሰኞ ተብሎ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት የቤተሰብ መዝገብ ደብተሮች የራሷን አወጣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያለ ደብተሩ ማዘጋጃ ቤት ማንንም አያጋባም።

«ሰኞ አልመጣም» አለች።

እማማ ሹዪ የጠየቁት ምስማሩ ሌላ ቦታ እንዲመታ ነው። የተያዘው የሠርግ አዳራሽስ? ከገጠር የተጠሩት ዘመዶችስ? ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የጎረቤት ምላስስ?

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሳሎን ይሁን ነው ያልኩት…»

«አንቺን ሰምቼሻለሁ፣ እማማ። እሱንም ሰማሁት።»

ዣንፔንግ ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ ምን ልበላት?»

እማማ ሹዪ ይህን ሲሰሙ በውስጣቸው የነበረው ልመና ሁሉ ደረቀ። ጫማቸውን ሲያጠልቁ ወይዘሮ ጎንግ ከኋላ «ምንም እንዳትላት! ዝም በላት፣ ራሷ ትመለሳለች!» ትላለች። እሱም ዝም አለ። ለመታዘዝ ማን ብሎት።

ደረጃው ላይ የእማማ ሹዪ ጭንቀት እንደገና አገረሸ። «አንገትሽን ሸፍኚ፣ ነፋስ አለ። ለአክስትሽ ምን እንላለን? ለአዳራሹ ሰውዬስ ማን ይነግረዋል?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እጅሽን አምጪ፣ ደረጃው ያዳልጣል።»

እማማ ሹዪ እጃቸውን ሰጧት፤ ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር እየፈለጉ አብረዋት ወረዱ።