የመሐሉ ግድግዳ

«ውጡ! ዕቃውን ተዉት፣ እናንተ ብቻ ውጡ!»

ደምመላሽ እየጮኸ የኮሪደሩን በሮች አንድ በአንድ ደበደበ። ቤቱ ደሴ ውስጥ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ያለ፣ የአንድ ቆዳ ነጋዴ የነበረ ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው። መንግሥት ከወረሰው አራት ዓመቱ። አሁን አዳራሹና መጋዘኑ ተሸንሽነው አሥራ አንድ መኖሪያ ክፍል ወጥቷቸዋል፤ ፕላኑን ያወጣው አርክቴክት ደግሞ ይኸው የሚጮኸው ሰው ራሱ ነው። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው አድሮ፣ ጠዋት ቢመጣ የኮሪደሩ ጣሪያ መሐሉ ላይ ጎብጧል፤ ከአራተኛው በር በላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ወርዷል።

አራተኛው ክፍል በዕጣ የደረሳት ረሂማ በሩ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስም አለች።

«የት ልውጣ? ስድስት ዓመት ሦስት ልጅ ይዤ በሰው ጓዳ ኖሬ፣ ገና ሁለት ሌሊት ብተኛበት ውጪ ትለኛለህ?»

«ጣሪያው ሊወርድ ነው እህቴ! እባክሽ ልጆቹን ያዢ።»

«ታዲያ ማን ሠራው? አንተ አይደለህም እንዴ!»

እውነቷን ነው። ትንሿን ልጅ ራሱ አቅፎ ወጣ፤ እናትየዋም እየተራገመች ተከተለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት ቤቱን ሊለካ የመጣበት ቀን ሐሙስ ነበር። የነጋዴው እናት በአዳራሹ አንድ ጥግ እንድትኖር ተፈቅዶላት ስለነበር፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው እሷ ዘንድ ዱአ ተቀምጠዋል። ሃያ የሚሆን ሰው ጀርባውን በአዳራሹና በመጋዘኑ መሐል ላለው ግድግዳ ሰጥቷል። ደምመላሽ ክርስቲያን ይሁን እንጂ የደሴ ልጅ ነው። በዱአ ላይ ሜትር እየዘረጉ የሰው ጉልበት መሻገር ነውር መሆኑን ሊነግረው የሚያስፈልግ የለም። ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ፣ የሰጡትን ጫት ተቀበለ፣ «አሚን» አለ፣ ተመረቀ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰሌን ስለተሸፈነ ቀጭን የጭቃ መከለያ መሰለው፤ በዓይኑ ለክቶ መዘገበውና «ተመልሼ አየዋለሁ» ብሎ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድበትም። ግን ቀበሌው «ለመስከረም ሁለቱ የአብዮት በዓል ካልደረሰ!» እያለ ሲያጣድፈው ሳይመለስ ቀረ። ኮምቦልቻ ላይ አንድ የእህል መጋዘን ለስምንት አባወራ ከፋፍሎ ተጨብጭቦለት ስለነበር፣ ልቡም ትንሽ አብጦ ነበር።

ግንበኛው በሺር አራት የባሕር ዛፍ ግንድ አሸክሞ ደረሰ። ስልሳ ያለፈው፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ግን የደሴን ግማሽ ድንጋይ በእጁ ያነሳ ሰው ነው። የጎበጠውን ጣሪያ በግንዶቹ አስደግፎ ሲያበቃ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጣ።

«ለጊዜው ያዘ። ሌላ ዝናብ ከመጣ ግን እኔ እንጃ።»

«ጋሽ በሺር፣ ነግረውኝ ነበር» አለ ደምመላሽ።

ሽማግሌው ወደ ቦዩ ውኃ አየ። አዎ፣ ነግሮት ነበር። ግድግዳው ሊፈርስ ሲል በመዶሻው ጀርባ መታ መታ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ይሄ ጣሪያውን የተሸከመ ነው፤ ድምፁን ስማው» ብሎት ነበር። ደምመላሽ በዚያ ሁሉ ሠራተኛ ፊት፣ «እርስዎ ፕላኑን ይከተሉ» ብሎ አሳፈረው።

ሳይቆይ የቀበሌው ሊቀመንበር ቀለሙ ጃንጥላውን ይዞ መጣና ደምመላሽን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወሰደው። ክፉ ሰው አይባልም፤ የሚፈራው የበላዩን ነው። በሩን ዘጋ።

«አውራጃው ስምንት ሰዓት ላይ ሪፖርት ይፈልጋል። ግንበኛው የነጋዴው አማች መሆኑን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«በቃ፣ አሻጥር ነው። የተወረሰባቸውን ቤት በሕዝብ ላይ ሊጥሉ ነው። አንተ ‹ግድግዳው ይፍረስ የሚል በፕላኑ ላይ የለም› ብለህ ፈርም፤ ሌላውን ለኛ ተወው።»

«አለ እኮ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ፕላኑ አንድ ብቻ ነው። እሱም እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።» ባዶ ወረቀትና ብዕር ገፋለት። «አስብበት። ግን ቶሎ።»

ደምመላሽ ጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ አሰበ። ፈራ፤ ምን ይደበቃል! አምና አሻጥረኛ ተብሎ ከቢሮው የተወሰደው ጓደኛው እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ እናቱም አታውቅም።

በሺር ከመስኮቱ ሥር በካፊያ እየረጠበ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ፈርም።»

«ምን?»

«እኔ እንግዲህ የማየውን አይቻለሁ። አንተ ገና ነህ። ለደሴስ ስንት የተማረ ልጅ ተረፋት? ወላሂ አልቀየምህም፤ አብሽር፣ አይዞህ።»

ደምመላሽን ለአንድ አፍታ ደስ አለው። መቼስ ሰው ነው፤ እፎይ አለ። ወዲያው በዚያች እፎይታ ራሱን ጠላ። ይሄ ሽማግሌ በሰው ፊት ያሳፈረውን ልጅ ለማዳን ወህኒ ልግባ ይላል፣ እሱ እፎይ ይላል!

«አውፍ ይበሉኝ ጋሽ በሺር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ እንባው መጣ።

«ድሮ ብዬሃለሁ።»

ደምመላሽ ተመልሶ ገባ። ተቀምጦ ጻፈ፤ አንዴም አልሰረዘም። ቀለሙ ወረቀቱን ተቀብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፦ «መሐል ያለውን ግድግዳ ሳልለካ ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። ግንበኛው በሺር አስጠንቅቆኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።»

«አብደሃል እንዴ አንተ ሰው?»

«ከታችም አለ፤ ያንብቡት። ጣሪያው በደንብ ሳይጠገን ረሂማም ሆነች ሌላ ሰው እንዳይመለስ ብያለሁ። እስከዚያ ትምህርት ቤቱ ባዶ ስለሆነ እዚያ ይደሩ።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሊቀደው ይሁን ሊያስቀምጠው ሳይለይለት በእጁ ይዞት ቆመ። ደምመላሽ ከወንበሩ ተነሣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለወህኒው ጋቢዬን ከቤት ይዤ ልምጣ፣ ወይስ ሰው ትልኩልኛላችሁ?»