የሾፌሩ ምስክርነት

ኮች ዶላን ከተባረረ ወዲህ ካሳሁን አውቶቡሱን የሚነዳው ብቻውን ነው። ከኋላው አርባ አምስት ጎረምሶች ተጭነዋል፤ እነሱን ጓደኛ ብላችሁ ከቆጠራችሁ ቁጠሩ። ሁሉም ጆሯቸውን ደፍነው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። አዲሱ አሰልጣኝ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም። ሲገባ "ጉድ ሞርኒንግ ሰር" ይላል፣ ሲወርድ "ታንክ ዩ ሰር" ይላል፣ በመካከል ያለውን አራት ሰዓት ላፕቶፑን ታቅፎ መጨረሻ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው የመጀመሪያዋ ወንበር ባዶዋን ትሄዳለች። ካሳሁን ባያያት ደስ ባለው፤ ግን ሾፌር መስታወት ሳያይ አይነዳም።

ያቺ ወንበር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኮች ዶላን ነበረች። ኮሌጁ ኮሎምበስ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ በትልቁ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ስለሚኖር ስሙን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም የፉትቦል ቡድን አለው፤ ቡድኑም ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ አሰልጣኝ እጅ ነበር። ፉትቦል የሚሉት ያን ኳሱን በእጅ ታቅፈው እየሮጡ የሚላተሙበትን ጨዋታ ነው። ካሳሁን ይህን ሁሉ ዓመት አይቶት ሕጉ እስካሁን በቅጡ አልገባውም። የገባው ሰውዬው ነው።

ኮቹ ቡድኑ አሸነፈም ተሸነፈም መንገዱን ሙሉ የሱፍ ፍሬ እየፈለጠ ገለባውን ወረቀት ኩባያ ውስጥ ይተፋ ነበር። አንድ ቅዳሜ ካሳሁን ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ ወደ ኋላ ዘረጋለት።

"ይሄ የሚተፋ ነገር የለውም?" አለ ኮቹ። ቃመ፣ ከዚያ መዳፉን እንደገና ዘረጋ። የሱፍ ፍሬው በዚያው ቀረ። ካሳሁን ዓርብ ዓርብ ሂልቶፕ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ ገብስና ሽምብራ ይቆላል፤ ቅዳሜ ሁለቱ ሽማግሎች እየቆረጠሙ፣ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ መንገድ ሥራ እያወሩ ኢንዲያናን ያቋርጣሉ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ ካሳሁን በልቡ አንቱ እያለ ነበር የሚያናግረው።

ሌላ የሚያወራው ሰው አልነበረውም ብንል ብዙም አላጋነንም። ሚስቱ ሰናይት ከሞተች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ልጁ ኤልዳና ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ እናትም አባትም ሆኖ፣ ቆንጥጦ አሳደጋት። አሁን ፖላሪስ በሚባለው የገበያ ማዕከል መነጽር መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የምትደውለው ግን ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ቴክስት ሲያደርግላት "ኦኬ ባባ" ብላ ትመልሳለች። ካሳሁን ይህን የአሜሪካ ጠባይ ነው ብሎ ራሱን ካሳመነ ቆይቷል።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ጥር ነው። ማርከስ የሚባል ተጫዋች ቡድኑን ጥሎ ወጣና አቤቱታ አቀረበ። ኮሌጁም ጠበቆች ቀጥሮ የኮቹን ጠባይ ማጣራት ጀመረ። ረዳት አሰልጣኞቹ አንድ በአንድ ተጠርተው አንድ በአንድ "አላስታውስም" እያሉ ወጡ። ካሳሁን ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ሃያ ዓመት አብሮህ የበላ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ እንዴት አላስታውስም ይላል? የእሱ ተራ ሲደርስ የሠርግ ሱፉን ለብሶ፣ ከረቫቱን አጥብቆ ሄደ። ለወዳጁ ሊመሰክር ነውና!

ጠበቆቹ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ነበሩ።

"ኮች ዶላን እንዴት ያለ ሰው ነው?" አለችው ሴትዮዋ።

"አባት ነው" አለ ካሳሁን። "የዛሬ አባት አይደለም፣ የድሮ አባት። ልጆቹ ሲያጠፉ ይቀጣል።"

"እንዴት አድርጎ?"

እዚህ ላይ ካሳሁን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። አንድ ቀን ከኢንዲያና ሲመለሱ፣ ማርከስ ምግብ ቤት ውስጥ አንዲትን አስተናጋጅ ሰድቧት ነበር። ኮቹ አውራ ጎዳናውን ለቀው እርሻ መንገድ ላይ ሲደርሱ "ካስ፣ ዳር ያዝ" አለው። ልጁን በዝናብ አስወረደው። ማርከስ አንድ ማይል በእግሩ ሄደ፤ አውቶቡሱ መብራቱን እያብለጨለጨ ከኋላ ከኋላው ተከተለው።

"ቀስ ብዬ የነዳሁት እኔ ነኝ" አለ ካሳሁን፣ ደረቱን ነፍቶ።

"ስንት ዲግሪ ነበር?"

"ብርድ ነበር እንጂ! ካልበረደውማ ምኑን ቅጣት ሆነ?"

ወንዱ ጠበቃ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና "ሠላሳ አራት ፋራናይት" አለ። ሁለት ዲግሪ ቢቀንስ ዝናቡ በረዶ ይሆን ነበር።

"ከዚያስ?" አለች ሴትዮዋ።

"ከዚያማ ገባ። ሲንቀጠቀጥ ጃኬቴን አውልቄ ሰጠሁት።"

"ለምን ሰጠኸው?"

"በርዶታል አልኳችሁ እኮ!"

ሰዎቹ ነገር የማይገባቸው መሰሉት፤ ስለዚህ ጨመረላቸው። ኮቹ ያረፈደውን በሩ ላይ እንደሚያስቀር፣ የራስ ቁሩን ይዞ የነቀነቀውም ልጅ እንዳለ፣ ልጁም ከዚያ በኋላ ሰው እንደሆነ አወራ። በመጨረሻም "በእኛ አገር ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባላል" ብሎ በእንግሊዝኛው እንደምንም ተረጎመላቸው። ሴትዮዋ ተረቷን ሳይቀር ጻፈቻት። ካሳሁን የዚያን ቀን ቤቱ የገባው እየዘፈነ ነው። ለወዳጄ ደረስኩለት ብሎ ቆሎውን እጥፍ አድርጎ ቆላ።

በሦስተኛው ሳምንት ኮች ዶላን ተባረረ።

የማጣሪያው ሪፖርት በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ካሳሁን ባዶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ገጽ አሥራ አንድ ላይ "ሾፌሩ እንደገለጸው" ይላል። ዝናቡ አለ፣ አንድ ማይሉ አለ፣ ጃኬቱ አለ። ለማመስገን ያለው ሁሉ አንድም ሳይቀር ተጽፏል፤ ምስጋናው ብቻ የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ካሳሁን ያን ቀን እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ቤቱ ውስጥም ምን ሆንክ የሚለው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ከተማው የሚያወራው አጥቶ የነበረ ይመስል ይህንኑ ያዘ። ሬዲዮ ላይ የሚደውለው ግማሹ "ሃያ ሁለት ዓመት ልጆቻችንን ሰው ያደረገ ሰው እንዴት ይባረራል? ስህተት ነው!" ይላል። ግማሹ "እስካሁን መቆየቱ ነው ስህተቱ" ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ በጊዜው አንድም ትንፍሽ ያላለ ሁሉ አሁን አዋቂ ሆነ። ካሳሁንም መኪናው ውስጥ ብቻውን ከሬዲዮው ጋር ይሟገታል። "ስህተት ነው!" ይላል መሪውን እየመታ። ስህተት ካልሆነ ሌላም የሚናድ ነገር እንዳለ ይሰማው ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ጠጋ ብሎ ማየት አልፈለገም። ለኮቹ ሊደውል ስንቴ ስልክ አንስቶ ስንቴ አስቀመጠ። እፍረት ያዘው።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። በጥቅምት፣ ጨዋታ በሌለበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዚህ በላይ አልቻለም። አገር ቤት ቢሆን ድንጋይ ተሸክሞ የኮቹ ደጅ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ኮቹ በሚኖርበት የሀብታሞች ሰፈር፣ አፐር አርሊንግተን ውስጥ ግን ድንጋይ ተሸክሞ የሰው ሣር ላይ የተንበረከከ ጥቁር ሰው የሚመጣለት ሽማግሌ ሳይሆን ፖሊስ ነው። በድንጋዩ ፋንታ አንድ ከረጢት ቆሎ ይዞ ሄደ።

ኮቹን ግቢው ውስጥ ቅጠል ሲጠርግ አገኘው። ከስቷል። "ካስ!" አለ፤ ሌላ ምንም ሳይል ከረጢቱን ተቀበለውና ደጃፉ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እንደ ድሮው ይቆረጥሙ ጀመር። ካሳሁን በዚያች ደቂቃ ዓለም ሁሉ እዚያው ቢቆምለት ምንኛ ደስ ባለው።

"ኮች" አለ በመጨረሻ። "ሪፖርቱ ላይ ያለው ሾፌር..."

"ገጽ አሥራ አንድ" አለ ኮቹ። "አውቶቡሱን የሚነዳ ሌላ ሰው አለ እንዴ?"

"እኔ እኮ ይቅር..."

"ተወው። እኔ የቀጠርኳቸው ሰዎች ሁሉ አላስታውስም ብለዋል። የሚያስታውስ አንተ ብቻ ተገኘህ። የተናገርከውም ወደኸኝ ነው፤ ሲነበብ ያስታውቃል።"

ካሳሁን ወደ ኮቹ ዞረ። "እንግዲያው ተሳስተዋል ማለት ነው! ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ለማለት የፈለግኩት ሌላ ነው እላቸዋለሁ። እርስዎን ማባረር ስህተት ነው።"

ኮቹ የቆሎ ፍሬዎች መዳፉ ላይ ያንከባልል ጀመር። "እኔም ሰባት ወር እንደዚያ ነበር የምለው" አለ። "ቡድኑ ይናፍቀኛል። ጠዋት ስነሳ የት እንደምሄድ አላውቅም። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን የዝናብ ቀን እኔ የጨዋታውን ወረቀት ነበር የማየው፤ ልጁን ቀና ብዬ አላየሁትም። አንተ ግን መብራቱን ያበራህበት አንተ ነህ፣ ሲገባም በሩን የከፈትክለት አንተ ነህ። ፊቱ ምን ይመስል ነበር?"

ካሳሁን "ጥፋቱ ገብቶት ነበር" ሊል አፉን ከፈተ። ለራሱም ለሰውም ሲለው የከረመው ይህንኑ ነው። የማርከስ ፊት ግን መጣበት። ልጁ አላለቀሰም፤ አልተቆጣምም። ጃኬቱን ሲቀበል ካሳሁንን ቀና ብሎ ያየው እንደማያውቀው ሰው ነበር። ያን አስተያየት ካሳሁን ከዚያ በፊትም ያውቀዋል፤ ጠጋ ብሎ ማየት ያልፈለገው ነገርም ይኸው ነበር።

ኤልዳና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ወሩ ጥር። አሥር ሰዓት ግቢ ያላት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ፖላሪስ ውላ ሲጨልም መጣች። ቆለፈባት። አንድ ሰዓት ሙሉ በረንዳው ላይ አቆማት። እሱም አልተቀመጠም፤ ቁልፉን ጨብጦ በሩ ኋላ ቆሞ ደቂቃ ይቆጥር ነበር። ሲከፍትላት አላለቀሰችም። እንደማያውቀው ሰው አየችውና በጎኑ አልፋ ገባች። ሁለት ዓመት ቆይታ፣ ሻንጣዋን ይዛ በዚያው በር ወጣች።

"የማያውቀኝ ነበር የሚመስለው" አለ ካሳሁን።

ኮቹ ራሱን ነቀነቀ። ከረጢቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተነሳ። "እንግዲያው አልተሳሳቱም" አለ፤ የቅጠል መጥረጊያውንም አነሳ።

ካሳሁን መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሳ ቆየ። በመስታወቱ ውስጥ ኮቹ የጠረገውን ቅጠል ነፋስ ሲበትንበት፣ እሱም እንደገና ሲሰበስብ ይታየዋል። ገናም ፋሲካም ገና ሩቅ ነበሩ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ባባ? ዋት ሃፕንድ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ሥራ ላይ ነኝ እኮ፣ ከስተመር አለ። አር ዩ ኦኬ?"

"ያን ጊዜ..." አለ ካሳሁን። "በረንዳው ላይ ያቆምኩሽ ጊዜ። ስንት ዲግሪ ነበር?"

ከጀርባዋ ይሰማ የነበረው የሱቁ ወሬ ጠፋ። የዘጋችው መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው፤ አልዘጋችም።

"ናይንቲን" አለች። "ፎኔ ላይ ቼክ ሳደርግ ነበር። ዘ ሆል ታይም።"

አሥራ ዘጠኝ። የማርከስ ዝናብ በአሥራ አምስት ዲግሪ ይሻል ነበር።

"እኔም እኮ አልተቀመጥኩም" አለ ካሳሁን። "በሩ ኋላ ቆሜ ነበር።"

"አይ ኖው ባባ" አለች ኤልዳና። "የእግርህ ጥላ በበሩ ሥር ይታየኝ ነበር።"

ይቅርታውን ይዞ የመጣው ለኮች ዶላን ነበር፤ ሰውዬው አልተቀበለውም፣ አፉ ላይ እንዳለ ቀርቷል።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አለ።

"ኦኬ ባባ" አለች። በጽሑፍ ስንት ዓመት ሲያነበው የኖረው ቃል ነው፤ ከአፏ ሲሰማው ግን የመጀመሪያው ነበር።