የቢጫዋ መብራት ትርጓሜ

በደብረ ማርቆስ የመኪና ጥገና የሚጀመረው ኮፈን በመክፈት ሳይሆን በጉባኤ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሩ አለበል ይህን በሚገባ የተረዳው፣ የሞተሩን ውሃ መንገድ እየዘጋና እየከፈተ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት «በተቀየረ» ማግስት፣ ቼክ ኢንጅን የሚሏት ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ስትበራ ነው።

የመኪናው ባለቤት ወይዘሮ የብርጓል ነገር አላረዘሙም።

«ነገ ድንቹ ዓባይን ይሻገራል። እስከ ጠዋት ይህች መብራት ካልጠፋች ቁልፌን አስረክበኝ፤ ሾፌር እንደሆነ ሞልቷል።»

አለበል ወደ ዘመንፈስቅዱስ ጋራዥ ገሠገሠ። ዘመንፈስቅዱስ ቅኔ ቆጥረው፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጀምረው ሳለ ወደ መፍቻ የዞሩ መካኒክ ናቸው፤ ከተማው እስከ ዛሬ «መሪጌታ» ይላቸዋል። ኮፈኑን ሳይነኩ ከመሪው አጠገብ ቆሙና መብራቷን እንደ ምንባብ መረመሯት።

«አንድም፣ ውሃ ጎደለኝ ስትል ነው። አንድም፣ ነዳጁ ውሃ ገብቶበታል ስትል ነው።»

ጎማ ይለጥፍ የነበረው እንዳላማው ከሩቅ ጮኸ፦ «አንድም፣ ሾፌሩ ፍሬን ያበዛል!»

«ይህም ያስኬዳል» አሉ መሪጌታ፤ ሊቅ የባልንጀራውን ሐሳብ አይንቅምና።

«መሪጌታ፣ ትርጓሜ አይደለም የለመንሁዎ! ትጥፋልኝ ነው ያልሁት።»

መሪጌታ የባትሪውን ገመድ ነቅለው መለሱት፤ መብራቷ ጠፋች። ጉባኤውም እርስ በርሱ ተመሰጋገነ። አለበል ድንቹን ሊጭን ወደ ሮብ ገበያ ወጣ፤ ዳገቱን ሳያጋምስ ግን መብራቷ ተመለሰች። ያን ጊዜ የሙቀት መለኪያዋን ቀስት ልብ አላት፤ ያን ሁሉ አቀበት ሲወጣ ከታች፣ ከቀዝቃዛው ምልክት ላይ ተጋድማ ቀርታለች።

ጭኖ ሲመለስ መሪጌታ ጥቁር ፕላስተር ቆርጠው መብራቷ ላይ ለጠፉ። «ጠፋች» አሉ። ከዚህ የፈጠነ ጥገና በጎጃም ምድር ተደርጎ አያውቅም።

«ቆይ፤ ያ ያመጣሁልዎ አዲሱ ቴርሞስታት የት ገባ?»

«መደርደሪያው ላይ አለልህ፤ ማን ይነካብሃል?»

«ቀየርሁት አላሉኝም?»

«አሮጌውን አውጥቼ ቦታውን ባዶ ተውሁት። ይህም መቀየር ነው። ውሃ ለመዝለቅ በረኛ ምን ያደርግለታል? ይኸው እንኳን ሊግል!»

«ሊግል ቀርቶ መች ሞቀ! በርዶኛል እያለች ነው እኮ!»

መሪጌታ አዲሱን ቴርሞስታት ከመደርደሪያው አነሡ። «አንድም፣ እንዲህ ይላል። ወደዚያ እየደረስሁ ነበር።»

አለበል ቴርሞስታቱ እስኪገጠም ከአጠገባቸው አልተነቃነቀም። ፕላስተሩን ላጠ፣ የባትሪውን ገመድ እንደገና አስነቅሎ አስመለሰ፣ በደምበጫ መንገድ ጥቂት ነድቶ ተመለሰ። ቀስቷ ወደ መካከል ወጥታ ረጋች፤ መብራቷም አልበራችም።

በማግስቱ ወይዘሮ የብርጓል ወደ ጋቢናው ገብተው ዳሽቦርዱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህ ሙጫ ምንድን ነው?»

«ፕላስተር ነበር፣ እትዬ። ሲጠገን አነሣሁት።»

«ስትበራ ሸፈንሃት፤ ስትጠፋ ገለጥሃት? ለእኔ ነው ይህን የምትነግረኝ?»

አለበል ሊያሳያቸው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳይነሣ መብራቶቹ ሁሉ በሩ፤ ቢጫዋም አብራ።

«ይኸው!»

«አምፖሏ ደኅና መሆኑን ስታሳይ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች።»

ሞተሩን አስነሣ፤ ጠፋች።

«አንተም መተርጎም ጀመርህ» አሉ የብርጓል። ቁልፉን ግን አልተቀበሉትም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኑ ተመቻቹ። «ንዳ። እኔው እጠብቃታለሁ።»

ደጀንን አልፈው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ መንገደኛ ሁሉ አንገቱን አውጥቶ የሚያየውን ገደል ወይዘሮ የብርጓል አላዩትም። ዓይናቸው ካልበራችው መብራት ላይ እንደተተከለ የዓባይ ድልድይ ላይ ደረሱ።

«እስካሁን አልበራችም» አሉ፤ ቅር ያላቸው ይመስል ነበር።

አለበል ማርሽ ቀይሮ የወዲያኛውን ዳገት ጀመረ።