ሰባት ሺህ አራት መቶ ጫማ

ጋሽ ሞተር ሠላሳ ዓመት አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ አውሮፕላኖቹ ተከትለዋቸው ቤት ገቡ። ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋ የለም፤ ያሉት ቀበቷቸው ያልተፈታ የመንገደኛ ወንበሮች ናቸው። ባለቤታቸው እንግዳ ሲመጣ፣ «ቀበቶህን እሰር፤ ይሄ ሰውዬ መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም» ይላሉ።

እድሳቱ ሁልጊዜ አልሰመረላቸውም። የእንጨቱን ፕሮፔለር ቫርኒሽ ቀብተው ሳይደርቅ ቢያስደግፉት የግድግዳውን ቀለም ልጦ ተነሳ። የቆዳውን የአብራሪ ቆብ በሙቅ ውኃ ቢያጥቡት ተኮማትሮ የአሻንጉሊት ቆብ አከለ። በዚህ ሁሉ ሲስቁ ኖረዋል።

አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ባላቸው አብራሪ ነበሩ፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ጭነት ይዘው ሲበሩ ከተራራ ጋር ተጋጭተው ሞተዋል። ፎጣው ውስጥ ያለው ከስብርባሪው የተገኘ የከፍታ መለኪያ ነበር።

«መስታወቱ ደፈረሰብኝ» አሉ። «እሱን ብቻ ያጽዱልኝ ወንድሜ።»

«እሱማ ምን ችግር አለው እትዬ!»

ጋሽ ሞተር መስታወቱን ሲያወልቁ ከሥሩ የደረቀ ጭቃ አገኙ፤ ከጭቃው ሥር የተጣመመ ትንሽ የማርሽ ጥርስ። እጃቸው አላስችል አላቸው። በቀጭን ብሩሽ ጠረጉት፣ ጥርሱን አቃኑት፣ ዘይት ጠብ አደረጉበት። በሦስተኛው ቀን፣ ከአደጋው ወዲህ ሰባት ሺህ አራት መቶ ጫማ ላይ ቆሞ የኖረው መርፌ ተንቀጠቀጠና ወርዶ፣ ወርዶ የገዛ ቤታቸውን ከፍታ አሳየ። በደስታ ባለቤታቸውን ጠሩ።

ባለቤታቸው ጠጋ ብለው መርፌውን አዩ። «አንተ ሰውዬ፣ ሴትየዋ መርፌውን አንቀሳቅስልኝ አሉህ?»

ጋሽ ሞተር ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። መርፌውን በወረንጦ ይዘው ሊመልሱት ሲሉ ወረንጦውን መልሰው አስቀመጡ።

«ኮትህን ልበስና ሄደህ ንገራቸው» አሉ ባለቤታቸው።

መለኪያውን ይዘው ሄደው፣ ሴትየዋ በር ላይ ቆመው ነገሯቸው። ሴትየዋ በጠራው መስታወት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«በየጠዋቱ አየው ነበር» አሉ። «እዚህ ቁጥር ላይ እያለ በሕይወት ነበር እል ነበር።»

«አሁኑኑ እመልሰዋለሁ እትዬ፤ ደቂቃ አይፈጅም።»

«አይሆንም። እዚያ ያቆመው እሱ ነው። አሁን ቢያቆሙት የእርስዎ ነው የሚሆነው።»

ሴትየዋ መለኪያውን ተቀብለው በሩን ዘጉ።

ጋሽ ሞተር ሁለት ወር ሙሉ መፍቻ አልነኩም። ፕሮፔለሩ አቧራ ለበሰ፤ ባለቤታቸውም መቀለድ ተዉ። አንድ ጠዋት ስልክ ጮኸ።

«መርፌው ከትናንት ከፍ ብሏል» አሉ ሴትየዋ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «ቤቴ ተራራ ወጣ እንዴ?»

«የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ነው እትዬ። ዝናብ ሊመጣ ይሆናል።»



«አሁንም ይቅር አላልኩዎትም» አሉ ሴትየዋ።

«ይገባኛል።»

«ሲወርድም እደውላለሁ። በሉ፣ ያጠብኩት ልብስ ውጪ ተሰጥቷል» ብለው ዘጉት።